ዲዲቲና የእናት ጡት

የወባ ዘመቻችን ታሪክ ሲተረክ የሚቆጠረው የተረጨው ቤት ነው። በዚያ ቤት ተቀምጣ የምታጠባው እናትስ? ይህን ጥያቄ ላነሳው ወደድኩ።

ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚፈጅ ስዊዘርላንዳዊው ፓውል ሙለር ያወቀው በ1939 ነው (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ኢትዮጵያ በ1959 ወባን የሚያጠፋ መሥሪያ ቤት ስታቋቁም ዋና መሣሪያዋ ይኸው ሆነ። ከቦንጋ ወደ ጅማ ሲኬድ የሚታለፈውን የጎጀብን ቆላ የሚያውቅ ሰው ርጭቱን አይንቅም፤ ወባ ነፍሰ ጡሯን ደም ያሳጣታል፣ ያስወርዳታል፣ ይገድላታልም።

ዳሩ ግን ዲዲቲ ግድግዳ ላይ አይቀርም። በምግብና በአቧራ ገብቶ በሰውነት ስብ ውስጥ ለዓመታት ይከማቻል፤ እናት ስታጠባም ከወተቱ ጋር ይወጣል። ቀድሞ ከቦንጋ ጋር በአንድ የከፋ ክፍለ ሀገር ሥር በነበሩት በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ የእናቶችን ወተት የመረመሩ ሰዎች በ2013 ያሳተሙት ጥናት፣ ሕፃናቱ በየቀኑ የሚወስዱት ዲዲቲ ከተፈቀደው ልክ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን ያሳያል። እንዲህም ሆኖ ሐኪሞች ጡት አታስጥሉ ይላሉ፤ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣልና።

ኢትዮጵያ የስቶክሆልምን ስምምነት በ2003 አጸደቀች፤ ስምምነቱ ግን ለወባ ሲባል ዲዲቲን አልከለከለም። በ2009 ገደማ በሌላ ኬሚካል የተተካው ትንኟ ስለተላመደችው ነው። እኔን የሚቆጨኝ ይኸ ነው፤ ያስቀየረችው ትንኟ እንጂ እናቲቱ አይደለችም። ቀጣዩ ኬሚካል ከመረጨቱ በፊት የእሷም ጤና ይጠየቅ።