ዶክተር ሲስተር፦ ከቆሎ ተማሪ እስከ ኦንላይን ዶክትሬት

ገጠር ጤና ጣቢያ ጎራ ብሎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ቀልድ መሳይ እውነት አለች። ነጭ ጋወን የለበሰ ወንድ ሁሉ «ዶክተር» ነው፤ ነጭ ጋወን የለበሰች ሴት ሁሉ «ሲስተር» ናት። ስንት ዓመት ሕክምና ተምራ የመጣችው ሐኪም «ሲስተርዬ፣ ዶክተሩ የሉም እንዴ?» ትባላለች። ከኮሌጅ ትናንት የወጣው ወንድ ነርስ ደግሞ «ዶክተር» ተብሎ ወንበር ይለቀቅለታል። እንግዲህ በዚህ አገር አንዲት ሲስተር የእውነት ዶክተር ብትሆን፣ ያውም በነርሲንግ፣ ያውም ከሥራ ቦታዋ ሳትለቅ በኢንተርኔት ተምራ፣ ምን ብለን ልንጠራት ነው?

ነገሩ ለጨዋታ ብቻ የተነሳ አይደለም። ለምርምር ሳይሆን ለሙያው ሥራ ተብሎ የሚሰጥ የነርሲንግ ዶክትሬት በዓለም ላይ ካለ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ብዙውም በኦንላይን ይሰጣል። ላሊበላ ከተማ ወይም ከዚያ ወዲያ ላስታ ደጋ ላይ የምትሠራ ነርስ ስልኳን ስትከፍት ማስታወቂያው ሊመጣባት ይችላል። «ይጠቅማታል ወይ?» ብለን ጠየቅን። መልሱን ፍለጋ ግን ከማስታወቂያው ይልቅ ወደ ታሪክ መሄድ ሳይሻል አይቀርም። (ከዚህ በታች «እ.ኤ.አ.» ያላልንበት ዓመት ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው።)

መማር ማለት መሄድ ነበር

ላስታ ለትምህርት ባዳ አይደለም። ከአንድ ድንጋይ ቤተ መቅደስ የፈለፈሉ ሰዎች አገር ነው፤ የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ያለ ስሌትና ያለ ሠለጠነ እጅ አልቆሙም። ይሁንና የላስታ ልጅ መማር ሲፈልግ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ከእናቱ ቤት መውጣት ነበር። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይሄዳል። ቅኔ ከፈለገ ጎረቤቱ ዋድላ አለችለት፤ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ከሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች አንዷ ናት። ድጓ ከፈለገ ደግሞ መንገዱ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ነው። ድጓን ሌላ ቦታ ተምሮ የጨረሰ ሰው ሳይቀር ቤተልሔም ሄዶ ካልተመሰከረለት መምህርነቱ ሙሉ አይሆንም። «የድጓ ምስክር» የሚባለው ይኼ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ መማር ማለት መሄድ ነበር። ሁለተኛ፣ የዕውቀቱ ዋጋ የሚለካው በተማሪው ጭንቅላት ብቻ አልነበረም፤ ማን መሰከረለት የሚለውም ይጠየቃል። ሁለቱም ጉዳዮች ከዛሬዋ ነርስ ጋር አብረው ይመጣሉ።

ሲስተር ከየት መጣች?

ዘመናዊ ሕክምና በስፋት የመጣልን ከጦርነት ኋላ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኛ ለማከም መጡ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ታሪክም ከእነሱ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ነርሶቹ ግን ለረጅም ዘመን የውጭ ሰዎች ነበሩ። «ሲስተር» የሚለው መጠሪያ ራሱ የእነሱ ቅርስ ነው፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የክፍሉ ኃላፊ ነርስ በዚህ ስም ትጠራ ነበርና። እኛ ዘንድ ሲደርስ ለሴት ነርስ ሁሉ ሆኖ ቀረ።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ የጣልያን ጦር ድንበር ላይ በሚከማችበት ወቅት። ወረራው መጥቶ ንጉሣዊው ቤተሰብ እንግሊዝ ሲሰደድ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው እንደማንኛዋም ተማሪ ነርስነት ተማሩ፤ ተመረቁም። የንጉሥ ልጅ በሽተኛ ማጠብና አልጋ ማንጠፍ ተማሩ ማለት ለዚያ ዘመን ቀላል ወሬ አልነበረም።

አገር ነፃ ሲወጣ ተመለሱ፤ አግብተውም ባለቤታቸውን ተከትለው ወደ ወለጋ ሄዱ። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት አረፉ። በጊዜው በአገሪቱ ከነበሩት ጥቂት የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ነርሶች አንዷ፣ ሙያው እንዲያተርፋት በሚገባው ነገር ሞተች። ለመታሰቢያቸው የተሠራው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ (ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው)። ልብ በሉ፤ ሞቱ ነቀምት ላይ ነበር፣ ሆስፒታሉ ግን የተሠራው አዲስ አበባ ነው። የነርስ ትምህርት ቤቶቹም መጀመሪያ የተከፈቱት እዚያው ዋና ከተማው ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በቀይ መስቀል ስር የተጀመረው ትምህርት ቤት መቀመጫው የዛሬው የካቲት 12 ሆስፒታል ነበር።

መሰላል ያገኘ ሄደ፣ የቀረ መሰላል አላገኘም

ለፍትሕ ሲባል አንድ ለየት ያለ ሙከራ መጥቀስ አለብን። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ከዚያ ቀደም ብሎ ደንቢያ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ጨርሶ ነበርና ኮሌጁ የተነሳው ከተማ ውስጥ ለሚቀመጥ ሐኪም አልነበረም። ጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን አብረው ሠልጥነው፣ አብረው ወደ ጤና ጣቢያ ወጥተው፣ በቡድን እንዲሠሩ ታስቦ ነው። ትምህርቱ ወደ በሽተኛው ሄደ ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ ግን የነርሲንግ መሰላል እየረዘመ መጣ፤ ከሰርተፍኬት ወደ ዲፕሎማ፣ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ፣ ከዲግሪ ወደ ማስተርስ፣ ከማስተርስ ወደ ፒኤችዲ። እያንዳንዱ እርከን ደግሞ ከላስታ ያርቃል። ከላሊበላ ተነስታችሁ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ጋሸና ላይ የቻይናን መንገድ ትይዛላችሁ። በስተቀኝ ጎንደር አለ፤ በስተግራ ወልዲያ፣ ደሴ፣ አዲስ አበባ። በዚያ መንገድ ለዲግሪ የሄደችው ሲስተር ዲግሪዋን ይዛ ወደ ደጋው ትመለሳለች ብሎ የሚወራረድ ሰው እምብዛም አይገኝም። አንፈርድባትም። ደመወዙ፣ ቤቱ፣ የልጆቿ ትምህርት ቤት ሁሉ ወደዚያ ይጠራታል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነገሩን ለመገልበጥ ሞከረ። ለየቀበሌው ሁለት ሴቶች ከዚያው አካባቢ ተመርጠው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው እዚያው እንዲቀሩ ሆነ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። እነዚህ ሴቶች አልሄዱም፤ ግን ለብዙ ዓመታት ወደ ላይ የሚያሻግራቸው በር ጠባብ ነበር። እንዲህ ስንደምረው የኢትዮጵያ ነርሲንግ ታሪክ አንድ የሚያስተክዝ ሕግ ያለው ይመስላል፦ መሰላል ያገኘ ሄደ፣ የቀረ መሰላል አላገኘም።

ኦንላይን ዶክትሬት ትኩረታችንን የሳበው በዚህ ምክንያት ነው። «ሳትሄጂ ውጪ» የሚል የመጀመሪያው ከፍ ያለ እርከን እሱ ነውና።

አቃቂ፣ ፕሪቶሪያ፣ ኬንታኪ

ሳይሄዱ መማር እኛ ጋር እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ ሞጁል ይዞ ያልተጓዘ የመንግሥት ሠራተኛ ማን ነበር? ነሐሴ 2002 ዓ.ም. መንግሥት የርቀት ትምህርትን በጥራት ሰበብ አግዶ ስንቱን አስደንግጦ ነበር፤ በኋላ ላላ። በዶክትሬት ደረጃ ግን የብዙ ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች መንገድ የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ነው። ዩኒሳ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በርቀት የሚያስተምር፣ ኔልሰን ማንዴላ እስር ቤት ሆነው የሕግ ዲግሪያቸውን የጨረሱበት ዩኒቨርሲቲ ነው። አዲስ አበባ አቃቂ ላይ ማዕከል ከከፈተ በኋላ ነርሶችና ሌሎች የጤና ሰዎች ሥራቸውን ሳይለቁ በጤና ጥናት ዶክተር ሆነዋል።

ይኼ ግን በዋናነት የምርምር ዶክትሬት ነው። የሙያ ሥራው ዶክትሬት የተወለደው አሜሪካ ነው፤ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2001 ዲኤንፒ የሚባለውን ፕሮግራም የመጀመሪያው ሆኖ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር ከፍተኛ የሙያ ደረጃ ላይ የሚሠሩ ነርሶች በዚህ ዲግሪ እንዲዘጋጁ ወሰነ። ልዩነቱ ቀላል ነው። ፒኤችዲ «አዲስ ዕውቀት አምጪ» ይላል። ዲኤንፒ ደግሞ «የታወቀውን ዕውቀት ወስደሽ ክፍልሽ ውስጥ ሥራ ላይ አውይው፣ ለውጡንም ለክተሽ አሳዪ» ይላል። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው መመሪያ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ቢያንስ 1,000 ሰዓት የተግባር ሥራ ይጠይቅ ነበር። እንግዲህ «ኦንላይን» የሚባለው ንድፈ ሐሳቡ እንጂ በሽተኛው አይደለም። በሽተኛ በኢንተርኔት አይነካም።

እስቲ ወደ ላስታ እናምጣው። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ከጀርባዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ብርዱ የታወቀ ነው። ብርድ ደግሞ ለአራስ ሕፃን፣ በተለይ ያለ ጊዜው ለተወለደ፣ ገዳይ ነው። ሕፃኑን ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ አጣብቆ ማሞቅ ርካሽና የተረጋገጠ ዘዴ ነው። እንበልና አንዲት ነርስ ስንት ሕፃን ቀዝቅዞ እንደሚመጣ መዘገበች፤ ዘዴውን ለባልደረቦቿና ለእናቶች አስተማረች፤ ከስድስት ወር በኋላ ቁጥሩን አወዳደረች። የሙያ ዶክትሬት ሥራ ማለት ይኼው ነው። ይህን ሥራ አዲስ አበባ ተቀምጦ መሥራት አይቻልም፤ ቦታው ላስታ ነው። መሄድ ትርጉም የሚያጣበት ትምህርት ተገኘ ማለት ነው።

መስመሩና ምስክሩ

ታዲያ ምን ይከለክላታል? መጀመሪያ መስመሩ። ላሊበላ በሐምሌ 2013 መጨረሻ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገብታ፣ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትቀያየር መብራትም ስልክም ተቋርጦባት ነበር። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ተዘጋ። የቆሎ ተማሪን ዝናብና ውሻ ያስቆመው ነበር፤ የኦንላይን ተማሪን ግን አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ያስቆመዋል። አንድ ዓመት ከመስመር የጠፋ ተማሪን የሚጠብቅ ዩኒቨርሲቲ ማግኘት ከባድ ነው።

ሁለተኛ ምስክሩ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ዲኤንፒ ፕሮግራሞች በአሜሪካ ግዛት የተሰጠ የነርስነት ፈቃድ ይጠይቃሉ። ስለዚህ በሩ ዋሽንግተን አካባቢ ለምትሠራ ኢትዮጵያዊት ነርስ ክፍት ሲሆን ላሊበላ ላለችው ዝግ ነው ማለት ይቀላል። ምንም ሳይጠይቅ «ከፍለሽ ግቢ» የሚላት ካለ ደግሞ ከመክፈሏ በፊት እናስጠነቅቃታለን፦ ቤተልሔም ያልመሰከረለት ድጓ እንዳይሆንባት። ዕውቅናውን የሚመዝነው የአሜሪካ አካል ማን እንደሆነ፣ አቻ ግምቱንም የእኛው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይሰጥ እንደሆነ አስቀድማ ትጠይቅ። ዲግሪውን ይዛ ብትመጣም በእርሱ ልክ የሚቀጥራት መደብ መኖሩ ሌላ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ከነርሷ ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይዞራል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን በኢንተርኔት ማስተማር እንደሚቻል ተሞክሯል። ጎንደር ከ70 ዓመት በፊት ቡድኑን ወደ ጤና ጣቢያ ልኮ ነበር። ንድፈ ሐሳቡን በኦንላይን ሰጥቶ፣ መስመር ሲጠፋ የሚነበብ የታተመ ሞጁል ጨምሮ፣ የተግባር ሰዓቱን ነርሷ በምትሠራበት ሆስፒታል የሚቆጥር፣ የራሳችን ባለሥልጣን የመሰከረለት የሙያ ዶክትሬት ለመክፈት የሚያስፈልገው ነገር ከእጃችን የራቀ አይደለም። ይህ ካልሆነ ኦንላይን የተባለውም እርከን እንደ ቀድሞዎቹ ይሆናል። ነርሷ ላሊበላ ተቀምጣ ትጀምረዋለች፤ ስትጨርሰው ግን ሻንጣዋን ይዛ ጋሸና መገንጠያ ላይ መኪና ትጠብቃለች።

መጠሪያውን በተመለከተ አንጨቃጨቅም። ልዕልቲቱም ከነማዕረጋቸው ነርስ ነበሩ። ሌሊት ምጥ የያዛት የላስታ እናት በሩ ሲከፈት «ሲስተር!» ብላ ትጣራ፤ ዶክተሯ «አቤት» ካለች ይበቃናል።