ሦስቱ ካሣዎች

በኢትዮጵያ የሰው ስም የራሱ ታሪክ አለው። ወላጅ በልጁ ስም ውስጥ ደስታውንና ቅሬታውን፣ ሐዘኑንና ተስፋውን ያኖራል። ከቀደመው ልጅ ሞት በኋላ የተወለደው «ምትኩ» ይባላል፤ የእናቱን እንባ ያበሰው «ማስረሻ» ይባላል። «ካሣ» የሚለውም ስም የዚሁ ወገን ነው። ካሣ ለጠፋ ነገር የሚከፈል፣ ለተበደለ ሰው የሚሰጥ ዋጋ ነው። አዝመራውን የጎረቤት ከብት የፈጀበት ገበሬ በሽማግሌ ፊት ካሣ ይቀበላል፤ ወንድሙ የተገደለበትም ሰው ደም እንዲደርቅ ካሣ ይቀበላል። ስለዚህ ልጁን ካሣ ብሎ የሚጠራ ወላጅ አስቀድሞ የደረሰ አንድ ጉዳት መኖሩን፣ ያም ጉዳት በዚህ ልጅ እንደሚካስ መናገሩ ነው።

ከ19ኛው ምዕት ዓመት መግቢያ እስከ 20ኛው አጋማሽ ድረስ በዚህ ስም የተጠሩ ሦስት ሰዎች በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ታላቅ ስፍራ ይዘዋል። እነርሱም የቋራው ካሣ ኃይሉ፣ የተንቤኑ ካሣ ምርጫና የሰላሌው ካሣ ኃይሉ ናቸው። አንደኛውና ሦስተኛው በአባት ስምም ሳይቀር ይመሳሰላሉ። ሦስቱም በየዘመናቸው የደረሰውን የአገር ጉዳት ለመካስ የተነሡ ሲሆኑ፣ የከፈሉትና ያስከፈሉት ዋጋ ግን የተለያየ ነበር። የአንዱ ሕይወት ከሌላው ጋር የተሳሰረበትንም መንገድ መመርመር ስለ ዘመኑ ብዙ ያስተምራል።

የመጀመሪያው ካሣ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። አባታቸው ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከመሳፍንቱ ወገን ቢሆኑም፣ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በችግር እንዳሳደጓቸው ይነገራል። ኋላም ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ሲሰድቧቸው ኖረዋል። ይህ ስድብ የዘመኑን ልማድ የሚገልጥ ነው። በዘመነ መሳፍንት፣ ማለትም ከ1761 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ሰማንያ ስድስት ዓመታት፣ ሥልጣን የሚገኘው በትውልድና በጋብቻ፣ የሚጸናውም በገባሩ ጫንቃ ላይ በሰፈረ ወታደር ነበር። በጎንደር ነጋሢ ነበረ፤ ግን አያዝም። በየአውራጃው መስፍን ነበረ፤ ግን ከአውራጃው አርቆ አያይም። ገበሬውም ለሚመጣውም ለሚሄደውም ጦር እህሉን እያስረከበ ይኖር ነበር።

ካሣ ኃይሉ ሸፍተው ቆላ ወረዱ፤ ተከታይም አበጁ። ራስ ዓሊ ሊያባብሏቸው ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩላቸው፤ ይሁን እንጂ ጋብቻው አላሰራቸውም። በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር አይሻል ላይ ራስ ዓሊን አሸነፉ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ የሰሜኑን ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው ወዲያው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ነገሡ። ቤተ ክርስቲያኑን ውቤ ያሠሩት ራሳቸው ሊነግሡበት አስበው እንደ ነበረ ይነገራል።

በነገሡበት ቀን ካሣ የሚለውን ስም ትተው ቴዎድሮስ ተባሉ። ይህ ምርጫ በፍካሬ ኢየሱስ ላይ የተመሠረተ ነበር። መጽሐፉ ከረኃብና ከግፍ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የተባለ ንጉሥ ተነሥቶ በጽድቅና በሰላም እንደሚገዛ ይተነብያል። በመሆኑም አዲሱ ስም ከአሮጌው ጋር በአሳብ አይራራቅም፤ አንዱ ቤተሰብን የሚክስ ልጅ ሲሆን ሌላው አገርን የሚክስ ንጉሥ ነው። ሕዝቡ ግን ሁለቱንም ይዞ ቆየ። ከዙፋን ስማቸው ጎን «መይሳው ካሣ» የሚለውና የፈረስ ስማቸው «አባ ታጠቅ» እስካሁን ከፎካሪውና ከአዝማሪው አፍ አልጠፉም።

ዐፄ ቴዎድሮስ አገሪቱን በአንድ ዙፋን ሥር ለማሰባሰብ፣ ዝርፊያን ለማገድ፣ በጋፋት መድፍ ለማሠራት ያደረጉት ጥረት የታወቀ ነው። ዜና መዋዕላቸው በግዕዝ ፋንታ በአማርኛ መጻፉም ለሥነ ጽሑፍ ታሪክ ትልቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ ለዚህ ሁሉ የሚሆን ሀብት የሚገኝበት መንገድ ጠበበ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የቀረው መሬት ለገባሩ ይሰጥ ባሉ ጊዜ ካህናቱ ከዱ፤ መሳፍንቱም በየአውራጃው ሸፈቱ። ንጉሡም ዝርፊያን በማገድ የጀመሩትን ዘመን በዝርፊያ ለመፈጸም ተገደዱ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘርፋ ተቃጠለች። አገርን ለመካስ የተነሣው ክንድ አገርን ራሷን ዋጋ ማስከፈል ጀመረ።

በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ በመቅረቱ የተነሣው ጠብ፣ አውሮፓውያኑን እስከ ማሰርና በጄኔራል ናፒየር የሚመራውን ጦር እስከ መጋበዝ ደረሰ። ታሪክም ሁለተኛውን ካሣ በዚህ ስፍራ ያስገባል።

ካሣ ምርጫ የተንቤኑ ሹም የምርጫና የወይዘሮ ሥላስ ልጅ ናቸው። በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ሸፍተው ትግራይን በያዙበት ጊዜ የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ተነሥቶ ወደ ደጋው ወጣ። በየካቲት 1860 ዓ.ም. ካሣ ከናፒየር ጋር ተገናኝተው ተስማሙ፤ ጦሩም በግዛታቸው ስንቅ እየሸመተ በሰላም አለፈ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ማግስት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው አለፉ። የአንዱ ካሣ መንገድ መክፈት ለሌላው ካሣ ፍጻሜ ምክንያት ሆነ። እንግሊዞችም ሲመለሱ ስለ ውለታው መድፍና ጠመንጃ ለካሣ ምርጫ ትተው ሄዱ።

ይህ መሣሪያ ሥራውን ለመሥራት አልዘገየም። የላስታው ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው ነበር፤ ሚስታቸው ድንቅነሽም የካሣ ምርጫ እኅት ነበረች። የሥጋ ዝምድናው ጦርነቱን አላስቀረውም። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ፣ አሰም ላይ፣ በቁጥር የሚያንሰው ግን በመሣሪያ የሚበልጠው የካሣ ጦር አሸነፈ። በጥር 1864 ዓ.ም. ካሣ በአክሱም በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብተው ዮሐንስ አራተኛ ተባሉ።

ንጉሡ በነገሡበት ዓመት፣ በነሐሴ ወር፣ የሠሩት አንድ ሥራ ከስማቸው ትርጉም ጋር የተስማማ ነው። ናፒየር ከመቅደላ ሲመለስ በርካታ የብራና መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ሄደው ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ወደ እንግሊዝ ጽፈው ክብረ ነገሥቱና «ኵርዓተ ርእሱ» የተባለው የጌታ ሥዕል እንዲመለሱ ጠየቁ። አንድ ክብረ ነገሥት ተመለሰ፤ ሥዕሉ ግን ከዘመቻው ጋር በመጣ በአንድ የእንግሊዝ ቤተ መዘክር ሰው እጅ ቀርቶ ነበርና አልተመለሰም። ለጦሩ መንገድ የከፈቱት ሰው ጦሩ የወሰደው እንዲመለስ ከጠየቁት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። የተዘረፉ ቅርሶች ጥያቄ እስከ ዛሬ ያልተዘጋ በመሆኑም ያ ደብዳቤ አላረጀም።

ዐፄ ዮሐንስ የውጭን ወራሪ በመመከት ረገድ ከፍተኛ ስም አላቸው። የግብፅ ጦር በኅዳር 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ፣ በዚያው ዓመት በየካቲት መጨረሻ ጉራ ላይ ድል ሆነ። በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የኢጣሊያን ጦር ደመሰሱ። በአገዛዛቸውም ረገድ ለአካባቢ ነገሥታት ስፍራ በመስጠታቸው ከዐፄ ቴዎድሮስ የተሻለ ብልሃት አሳይተዋል። ይሁን እንጂ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎን ሙስሊሞች በግድ እንዲጠመቁ ማዘዛቸው ብዙ ሕዝብን ለስደትና በሼህ ጦልሃ መሪነት ለተነሣው ዐመፅ ዳርጓል። በ1881 ዓ.ም. ደግሞ የጎጃሙን ንጉሥ ለመቅጣት የወጣው ጦር የገበሬውን ጎተራ ባዶ አድርጎ ተመልሷል። ስለዚህ የእሳቸውንም ሒሳብ የሚያወራርድ ታሪክ ጸሐፊ ጉራንና ወሎን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይገባዋል።

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆሰሉ፤ በቁስሉም ሞቱ። ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። መተማ ከቋራ አዋሳኝ ነው። የተንቤኑ ካሣ የሞቱት እንግዲህ በቋራው ካሣ አገር ደጃፍ ላይ፣ ከአንድ ወገን በመጣ ወራሪ ፊት ነው፤ የመጀመሪያው ካሣ ከመንገሣቸው በፊት፣ በ1840 ዓ.ም.፣ ደባርቂ ላይ በግብፆች መድፍ የተመቱት በዚያው ጠረፍ ነበርና።

ሦስተኛው ካሣ በነሐሴ 1873 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የላስታው ኃይሉ ወልደ ኪሮስ፣ እናታቸው የራስ ዳርጌ ልጅ ወይዘሮ ትሰሜ ናቸው። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ የሆኑት ዳርጌ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ባቀኑ ጊዜ ወደ መቅደላ ከተወሰዱት መኳንንት አንዱ ነበሩ። የአያት እስረኝነት ባይረሳም፣ የልጅ ልጁ የአሳሪው የዱሮ ስም ሞክሼ ሆነ።

ራስ ካሣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የበሰሉ፣ በጠባያቸው ጭምት ሰው ነበሩ። ከትውልዳቸው አንጻር ዙፋን ሊመኙ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን አልተሻሙም። በመሆኑም ከሦስቱ መካከል ስማቸውን ሳይለውጡ፣ ካሣ እንደ ተባሉ የኖሩትና የሞቱት እሳቸው ብቻ ናቸው።

የኢጣሊያ ፋሺስት ጦር በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን በወረረ ጊዜ ራስ ካሣ የሰሜኑ ግንባር አዛዥ ሆኑ። የተሰለፉትም በተንቤን፣ ማለትም በሁለተኛው ካሣ አገር ነበር፤ አብረዋቸው የዘመቱት ራስ ሥዩም መንገሻም የዐፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ነበሩ። በጥር በተደረገው ውጊያ ጠላት የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን አርከፈከፈ። በየካቲት መጨረሻ በተደረገው ሁለተኛው የተንቤን ውጊያ ግንባሩ ተሰበረ። በመጋቢት 22 ቀን በማይጨው ከተደረገው ውጊያ በኋላ ራስ ካሣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ።

ልጆቻቸው ግን አገር ውስጥ ቀሩ። ደጃዝማች አበራና አስፋ ወሰን በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአርበኞች ጥቃት ተሳተፉ፤ ወንድማቸው ወንድወሰንም በላስታ በኩል ተዋጉ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ወንድወሰን ተይዘው ተገደሉ። በዚያው ወር አበራና አስፋ ወሰን ሕይወታቸው እንደሚጠበቅ ቃል ተገብቶላቸው ፍቼ ላይ እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ተረሸኑ። ከወንዶች ልጆቻቸው የቀሩት አሥራተ ካሣ ነበሩ፤ እሳቸውም በኅዳር 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ። አባትዬው በ1933 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው እስከ 1949 ዓ.ም. ኖረዋል።

የሦስቱን ሰዎች ሕይወት አንድ ላይ ያነበበ ሁሉ አንድ ነገር ያስተውላል። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ከመቅደላ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በወጣትነቱ ሞተ። የዐፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ አርአያ ሥላሴ አባቱን ሳይወርስ በ1880 ዓ.ም. በሕመም አረፈ። የራስ ካሣን ሦስት ልጆች ፋሺስቶች ገደሏቸው። ልጅ ለሞተበት ቤት መጽናኛ በሚሆነው ስም የተጠሩት ሦስቱም ሰዎች ልጅ የሞተባቸው አባቶች ሆኑ።

ከሦስቱ መካከል የጥበብ ሰዎችን ቀልብ አብዝተው የሳቡት የመጀመሪያው ካሣ ናቸው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ» አቅርበዋቸዋል። መሸፈታቸውም መንገሣቸውም አሟሟታቸውም ለመድረክ የተመቸ ነውና ይህ አያስደንቅም። ነገር ግን በጉራ የተዋጋው የሐማሴን ገበሬ፣ ሃይማኖቱን ላለመለወጥ የተሰደደው የወሎ ሰው፣ በተንቤን ገደል በጋዝ የተቃጠለው ዘማች፣ በፍቼ ልጆቹ ሲረሸኑ የሰማው ስደተኛ አባት ደራሲና ሠዓሊ የሚጠብቁ ናቸው።

የአስተማሪውም ድርሻ ከዚህ አያንስም። ተማሪው ስለ እነዚህ ሰዎች ሲማር ማን ነገሠ ከሚለው ጋር ማን ከፈለ የሚለውንም እንዲጠይቅ ማልመድ ይገባል። ስማቸው ያልተመዘገበው ስንቅ ጫኞች፣ ገባሮችና ዘማቾች ከሦስቱ ካሣዎች ጋር ከፍለዋል፤ ካሣውን ግን እስከ ዛሬ የተቀበለላቸው የለም። ይህን ዕዳ በብርና በመሬት ለመክፈል ጊዜው አልፏል። የቀረው መንገድ ታሪካቸውን ሳይቀንሱና ሳይጨምሩ ጽፎ ለሚቀጥለው ትውልድ ማስረከብ ነው።