በቤት የሚሠራ የቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ (ፒክአፕ መኪና)

የቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ የሞተርን መተንፈሻ ከኮፈን ሥር ካለው ትኩስ አየር አርቆ ከውጭው አየር ጋር የሚያገናኝ የቧንቧ፣ የማጣሪያና የሙቀት መከለያ ቅንብር ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አለ፤ እዚህ የሚነገረው ግን በጋራዥ ወይም በግቢ ውስጥ ከላሜራ፣ ከብረት ቧንቧና ከጎማ ቱቦ ስለሚገጣጠመው ነው። ለዚህ ከአምቦ ወደ ወንጪ ከሚወጣው መንገድ የተሻለ መለኪያ አይገኝለትም። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ወንጪ ከዚያ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል፤ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛውን ሐይቅ የከበበው ጠርዝ ግን 3,000 ሜትር ይደርሳል፣ ከፍ ያለው ጫፉ ደግሞ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። እዚያ የሚወጣ ሞተር የሚያጥረው ቅዝቃዜ አይደለም።

አሠራር

አየር ሲሞቅ ይሳሳል። ከኮፈን ሥር 60 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ አየር ይስብ የነበረ ሞተር 15 ዲግሪ አየር ቢያገኝ፣ በአንድ ስበት 16 በመቶ ያህል የበለጠ ኦክስጅን ይደርሰዋል። በየ10 ዲግሪው ልዩነቱ 3 በመቶ ገደማ ነው። የቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ ሻጮች የሚመኩበት ስሌት ይኸው ነው፤ በራሱ ስህተት የለበትም። ችግሩ ፒክአፑ ከመጀመሪያውም 60 ዲግሪ አየር ይስብ ነበር ብሎ መነሣቱ ላይ ነው። አብዛኞቹ ዘመናዊ ፒክአፖች ከፋብሪካ ሲወጡ አየር የሚስቡት ከፓራፋንጎ ውስጥ ወይም ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ነው፤ ማለትም ቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ ቀድሞውኑ አላቸው። ያንን ሳጥን አውጥቶ በቦታው ክፍት የሆነ ሾጣጣ ማጣሪያ ኮፈን ሥር የሚተክል ሰው ድምፁን ያጎላል፣ አየሩን ግን ያሞቃል።

አንድ የተለመደ አለመግባባት እዚህ መጥራት አለበት። ከ2005 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በተመረቱት በርካታ የቶዮታ ሃይሉክስ ናፍጣ መኪኖች ኮፈን ላይ የሚታየው ከፍ ያለ አፍ የሞተሩ መተንፈሻ አይደለም። ከሥሩ ባለው ኢንተርኩለር (ተርቦ አምቆ ያሞቀውን አየር በሚያቀዘቅዘው ክፍል) ላይ ነፋስ ለማሳለፍ የተሠራ ነው፤ በዚያ የሚገባው አየር ሲሊንደር ውስጥ አይደርስም።

ከፍታና ግፊት

በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት በባሕር ጠለል ላይ 101.3 ኪሎ ፓስካል የሆነው ግፊት በአምቦ ከፍታ ወደ 78.5፣ በ3,000 ሜትር ደግሞ ወደ 70 ይወርዳል። ከአምቦ ተነሥቶ ወንጪ ጠርዝ የሚደርስ ሞተር ስለዚህ ከሚስበው አየር 11 በመቶ ያህሉን በመንገድ ላይ ያጣል። በመደበኛው ስሌት የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ ደጋው ራሱ በቅዝቃዜው የሚመልሰው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል ቢያንስ 12 ኪሎ ግራም አየር ይፈልጋል፤ ይህ በባሕር ጠለል 10 ሜትር ኩብ ሲሆን ወንጪ ላይ ከ13 ይበልጣል። ሞተሩ ግን በአንድ ዙር የሚስበው መጠን አይጨምርለትም። የጎደለውን ግፊት የትኛውም ቧንቧ አይተካም፤ የሚተካው ተርቦ ነው።

በሞተር ዓይነት

ተርቦ የሌላቸው የቆዩ ናፍጣ ሞተሮች፣ ለምሳሌ የሃይሉክሱ 3.0 ሊትር 5ኤልና የላንድ ክሩዘሩ 4.2 ሊትር 1ኤች ዜድ፣ ከፍታን በጥቁር ጭስ ይናገራሉ። የነዳጁን ልክ የሚወስነው ፖምፓው ነው። የከፍታ ማስተካከያ ያልተገጠመለት ፖምፓ አምቦም ወንጪም ያው መጠን ይረጫል፤ አየሩ ሲያንስ የተረፈው ነዳጅ ጥላሸት ሆኖ በማርሚታ ይወጣል። ቀዝቃዛና ያልታፈነ አየር እነዚህን ሞተሮች በእርግጥ ይረዳል፤ ነገር ግን ጭሱ ነው ጎልቶ የሚቀንሰው፣ የጉልበቱ ጭማሪ ትንሽ ነው።

ተርቦ ባለው ናፍጣ አየሩ ሲታመቅ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ስለሚችል፣ ከተርቦው በፊት ጥቂት ዲግሪ ከማትረፍ ይልቅ የኢንተርኩለሩን ክንፎች ከጭቃና ከነፍሳት ማጽዳት ይሻላል። ካርቡራተር ያለው ቤንዚን ሞተር ብዙ አየር ሲያገኝ ድብልቁ ሊሳሳበት ይችላል፤ ማስተካከል ያስፈልገዋል። በኮምፒውተር የሚመራው ቤንዚን ሞተር የሚመጣውን አየር ራሱ ለክቶ ነዳጁን ያመጣጥናል፤ ይህ ግን የአየር መለኪያ ሴንሰሩ የተቀመጠበት ቧንቧ ስፋት እስካልተለወጠ ድረስ ነው። ሴንሰሩ በአጠገቡ የሚያልፈውን አየር ብቻ ስለሚለካ፣ ቧንቧው ቢሰፋ አየሩ ያነሰ ይመስለዋል።

አገጣጠም

ከማጣሪያው በፊት ያለው ክፍል አቧራማው ወገን፣ ከማጣሪያው በኋላ ያለው ደግሞ ንጹሑ ወገን ነው። በአቧራማው ወገን ትንሽ ቀዳዳ ቢኖር የሚያልፈው አየር መጨረሻ ላይ ይጣራል። በንጹሑ ወገን ያለ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ግን ሞተር ይበላል። ስለዚህ በቤት ለሚሠራ ሰው የሚመከረው የፋብሪካውን የማጣሪያ ሳጥንና ከሳጥኑ እስከ ሞተሩ ያለውን ቱቦ ሳይነኩ፣ ሳጥኑ አየር የሚስብበትን አፍ ብቻ ማሻሻል ነው። ይህ ሥራ ለዓይን ብዙም አያምርም፤ ለወንጪ መንገድ ግን ከሚያብረቀርቀው ቧንቧ ይበልጣል።

ቧንቧው ከሳጥኑ አፍ መጥበብ የለበትም፤ በፒክአፖች 76 ሚሊ ሜትር የተለመደ ልክ ነው። ማርሚታ የሚሠሩ ጋራዦች የብረት ቧንቧ አጥፈው ይበይዳሉ፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ደግሞ ከተፈታ መኪና የወጣ ተስማሚ ቱቦ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። የውሃ መስመር ፒቪሲ ርካሽ ነው፤ ወደ 80 ዲግሪ ሲጠጋ ግን ስለሚለሰልስ ከጭስ ማውጫው አጠገብ አይሆንም። መታጠፊያዎች ሰፊና ጥቂት ይሁኑ። ሞተር በመቀመጫ ጎማዎቹ ላይ ስለሚናወጥ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ቧንቧና ሞተሩ በተጣጣፊ ጎማ መገናኘት አለባቸው፤ አለበለዚያ ብየዳው በጠጠር መንገድ ይሰነጠቃል። የብየዳ ፍንጣቂና የመቁረጫ ፍርፋሪ ከውስጥ ተሞርዶና ታጥቦ መውጣት ይኖርበታል። ንጹሑን ወገን የሚነካ ሰው ከሞተሩ የዘይት ጭስ የሚያመጣውን ቀጭን ቱቦ መልሶ ማገናኘቱን አይርሳ። ክፍት ቢቀር ያልተጣራ አየር መግቢያ ይሆናል።

ከላሜራ የሚታጠፈው መከለያ ሳጥኑን ከራዲያተሩና ከጭስ ማውጫው ሙቀት ይለያል። ጠርዙ ላይ የሚለጠፍ የበር ጎማ ኮፈኑ ሲዘጋ ክፍተቱን ይደፍናል። ቀላል፣ ርካሽና በእርግጥ ዲግሪ የሚቀንስ ክፍል ቢኖር ይህ ነው።

አቧራና ውሃ

በበጋ፣ ከዝናቡ ማብቂያ እስከ ግንቦት፣ በምዕራብ ሸዋ የገጠር መንገዶች ላይ የፊተኛውን መኪና አቧራ ሳይበሉ መሄድ ያስቸግራል። ባለ 3 ሊትር ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሽከረከር በየደቂቃው 4,500 ሊትር ያህል አየር ይስባል። የጠጠር መንገድ ትቢያ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ማጣሪያውን ካለፈ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ፋሻና ሲሊንደር ይሞርዳል፤ የሚያስከትለው የሞተር እድሳት ማስገቢያው ከሚያተርፈው ነዳጅ ጋር አይወዳደርም። የወረቀት ማጣሪያ ከትቢያው ከ99 በመቶ በላይ ይይዛል። በዘይት የሚርሰው የጥጥ ማጣሪያ አየር በቀላሉ ቢያሳልፍም በአብዛኛው ደቃቁን የመያዝ አቅሙ ያነሰ ነው፤ ዘይቱ ከበዛም የአየር ሴንሰሩን ይሸፍናል። ጎሚስታ ቤት በኃይለኛ ኮምፕሬሰር የተነፋ የወረቀት ማጣሪያ ንጹሕ መስሎ ሊቀደድ ይችላል።

ክረምት ሌላ ጣጣ ያመጣል። ቀዝቃዛ አየር ፍለጋ አፉን ከመከላከያው ሥር ዝቅ አድርጎ የሠራ ሰው ጎርፍ ሲሻገር ውሃ ይስባል። ውሃ አይታመቅም፤ ፒስተኑ ሲገፋው ቢዬላው ይጣመማል። በመስክ ላንድ ክሩዘሮች ላይ ከፊት መስታወቱ ጎን እስከ ጣሪያ የሚወጣው ስኖርክል የተሠራው በዋናነት ለዚህ ነው። ከመሬት ርቆ ስለሚስብ አቧራውም ይቀንስለታል፤ ለደጋ መንገድ ከማንኛውም የኮፈን ሥር ቅንብር የሚመረጠው እሱ ነው። ከመገጣጠሚያዎቹ ውሃ እንዳያስገባ በሚገባ መታሸግ አለበት።

ፍተሻ

ከ100 ኪሎ ሜትር የአቧራ ጉዞ በኋላ ንጹሑን ቱቦ ፈትቶ ውስጡን በነጭ ጨርቅ መጥረግ የመጀመሪያው ፈተና ነው፤ ቡናማ ትቢያ ከተገኘ ሥራው ይፈርሳል። ሁለተኛው የአፈና ልኬት ነው። ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበት ግልጽ ቱቦ ግማሹ ውሃ ተሞልቶ እንደ "ዩ" ይታጠፍና አንዱ ጫፉ ንጹሑ ወገን ላይ ይታሰራል። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ሲጎትት በሁለቱ ክንዶች መካከል የሚታየው የውሃ ከፍታ ልዩነት ሞተሩ አየር ለመሳብ የሚታገለውን ያሳያል። በከባድ ናፍጣ ሞተሮች ዘንድ ልዩነቱ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ሲጠጋ ማጣሪያው ይቀየራል። አዲሱ ቅንብር ከቀድሞው 10 ሴንቲ ሜትር ቢቀንስ ትርፉ 1 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ ከአምቦ እስከ ወንጪ ጠርዝ ያለው ዳገት ብቻውን የሚወስደው ደግሞ በዚሁ መለኪያ 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል።