አውሮፕላን ጠግኖ ‘ለበረራ ብቁ ነው’ ብሎ መፈረም የሚችለው ማን ነው?

በአውሮፓውያኑ ሰኔ 10/1990 ከእንግሊዟ በርሚንግሃም ወደ ስፔኗ ማላጋ በማምራት ላይ የነበረ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን፣ ከ17 ሺህ ጫማ በላይ ከፍታ ላይ ሳለ ከፊት መስታወቶቹ አንዱ ተገንጥሎ ወደቀ። የአየር ግፊቱ ዋና አብራሪውን ከወገቡ በላይ ወደ ውጭ ወሰደው። የበረራ አስተናጋጆች እግሩን ይዘው አተረፉት፤ ረዳት አብራሪው ሳውዝሃምፕተን ላይ አሳረፈ። የተሳፈሩት 87 ሰዎች በሙሉ በሕይወት ተረፉ።

መስታወቱ የተቀየረው ከበረራው 27 ሰዓት ቀደም ብሎ ነበር። ከ90ዎቹ ቡሎኖች 84ቱ ከሚገባው የቀጠኑ፣ የተቀሩት 6 ደግሞ ያጠሩ ሆነው ተገኙ። የቀየራቸው ጀማሪ አልነበረም፤ ልምድ ያለው የፈረቃ ኃላፊ ነበር። ቡሎኖቹን ከመመሪያው ሳይሆን ከአሮጌዎቹ ጋር በዓይን አመሳክሮ መረጠ፤ ሥራውንም ራሱ ሠርቶ ራሱ ፈረመ። በጊዜው ደንብ ይህ ሥራ በሌላ ባለሙያ እንዲፈተሽ አይጠየቅም ነበር።

ፈቃዱ እንዴት ይገኛል?

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ዝቅተኛውን መስፈርት ያስቀምጣል። አመልካቹ ቢያንስ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። የ4 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠበቅበታል፤ እውቅና ያለው ሥልጠና ካጠናቀቀ 2 ዓመት ይበቃል። የአየር ሕግን፣ የአውሮፕላን አሠራርን እንዲሁም የሰው ልጅን ብቃትና ውስንነት የሚመለከት ዕውቀቱም ይመዘናል። ፈቃዱን የሚሰጡት እንደ ኢትዮጵያና ኬንያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣናት ያሉ የየአገሩ ተቆጣጣሪዎች ናቸው።

መሥራትና መፈረም

ፈቃድ የሌለው ሠራተኛም በባለሙያ ክትትል ሥር ቡሎን ሊፈታና ሊያስር ይችላል። አውሮፕላኑ ወደ በረራ እንዲመለስ መፈረም ግን ሥልጣኑ የተሰጠው ሰው ድርሻ ነው። ይህም ሥልጣን ወሰን አለው። በአውሮፓ ሥርዓት ‘ቢ1’ የተባለው ፈቃድ በዋናነት የአውሮፕላኑን አካልና ሞተር፣ ‘ቢ2’ ደግሞ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን ይመለከታል። በቦይንግ 737 ላይ የሠለጠነ ባለሙያም በዚያው ፈቃድ ለኤርባስ ኤ350 መፈረም አይችልም።

የ1990ው አደጋ እንዳሳየው ግን ፈቃድና ልምድ ብቻቸውን ዋስትና አይሆኑም። ለዚህም ነው እንደ በረራ መቆጣጠሪያ ባሉ ወሳኝ ክፍሎች ላይ የተሠራ ሥራ፣ ሥራውን ባልሠራ ሌላ ብቁ ባለሙያ እንዲፈተሽ የሚደረገው።