መንጃ ፈቃድ በሕገ መንግሥት ሚዛን

ጆን ሄንድሪክ የተባለ የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ ጁላይ 27 ቀን 1910 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከቢሮው ወጥቶ የራሱን አውቶሞቢል አስነሣና ሜሪላንድ ገባ። ፕሪንስ ጆርጅስ ከተባለው አውራጃ ሲደርስ ያዙት። ሰው አልገጨም፤ በፍጥነት ማሽከርከርም አልተከሰሰም። ጥፋቱ መኪናውን በሜሪላንድ ሳያስመዘግብና የግዛቲቱን ታርጋ ሳያወጣ በመንገዷ ላይ መገኘቱ ነበር። 25 ዶላር ተቀጣ።

ሄንድሪክ ቅጣቱን ከፍሎ ወደ ቤቱ ቢመለስ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሣው አይኖርም ነበር። እሱ ግን ሕገ መንግሥቱን ጠቅሶ ሙግት ገጠመ። አሜሪካዊ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ያለ ክልከላ የመዘዋወር መብት አለው፤ የሜሪላንድ ሕግ ይህን መብት ይጥሳል፤ በዲሲ ነዋሪዎች ላይም አድልዎ ይፈጽማል ሲል ተከራከረ። ጉዳዩ ከአራት ዓመት በላይ ተንከባሎ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ሄንድሪክ የተያዘበትን መንገድ ዛሬ ከማንም በላይ ከሚያውቁት መካከል በዋሽንግተን ዙሪያ በታክሲና በኡበር ሥራ የተሠማሩ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ከዲሲ ሜሪላንድ፣ ከሜሪላንድ ቨርጂኒያ ሲመላለሱ የሚውሉት እነዚህ ሰዎች መንጃ ፈቃዳቸው የእንጀራ ገመዳቸው ነው። ስለዚህ መንግሥት ፈቃድ የመስጠትና የመንጠቅ ሥልጣኑን ከየት አገኘው፣ እስከ ምን ድረስስ ሊጠቀምበት ይችላል የሚለው ጥያቄ የሕግ ምሁራን መከራከሪያ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ጥያቄውን በራሳቸው መንገድ የመለሱ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ “ሉዓላዊ ዜጎች ነን” የሚሉ ሰዎች ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆማቸው፣ በመንጃ ፈቃድ ፈንታ የሕግ ጥቅሶች የታጨቁበት ወረቀት በመስኮት ያቀብላሉ። “እየተጓዝኩ ነው እንጂ እየነዳሁ አይደለም” ይላሉ። በእነሱ አባባል ሹፌር የሚባለው ሰውና ዕቃ በክፍያ የሚያጓጉዝ ብቻ ነው፤ በግል መኪናው የሚሄድ ሰው መንገደኛ በመሆኑ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። ሐሳቡ በአብዛኛው የተቀዳው በ1970ዎቹ “ፖሲ ኮሚታተስ” በሚል ስም ከተደራጀው ፀረ መንግሥት እንቅስቃሴ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ካናዳ፣ ወደ ብሪታንያና ወደ አውስትራሊያ ተዛምቷል። ለምስክርነት የሚጠሩት ደግሞ የቆዩ ሰነዶችን ነው፤ የ1215ቱን ማግና ካርታ፣ የ1781ዱን የአሜሪካ የኮንፌዴሬሽን ቃል ኪዳን፣ እንዲሁም ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ የተሰጡ የግዛት ፍርድ ቤቶች ውሳኔዎችን።

እነዚህ ሰነዶች ሲገለጡ የሚታየው ነገር ግን ሌላ ነው።

የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን በጁን 1215 ከቴምስ ወንዝ ዳር፣ ረኒሚድ በተባለው መስክ ማኅተሙን ያሳረፈበት ማግና ካርታ ስለ ጉዞ የሚናገሩ ሁለት አንቀጾች ነበሩት። 41ኛው ነጋዴዎች በደኅና እንዲገቡና እንዲወጡ ፈቀደ። 42ኛው ደግሞ ሰዎች ለንጉሡ ያላቸው ታማኝነት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በየብስም በውኃም ከአገር ወጥተው በሰላም እንዲመለሱ ፈቀደ፤ በጦርነት ወቅት ይህ ለአጭር ጊዜ ሊታገድ እንደሚችልም አብሮ ደነገገ። መብቱና ገደቡ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ተጻፉ ማለት ነው። ሰነዱ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው በሮማው ጳጳስ ኢኖሰንት 3ኛ ተሻረ። በ1216 ተሻሽሎ ሲወጣ 42ኛው አንቀጽ አልተካተተም። በብሪታንያ “ለመንግሥት ሕግ አልገዛም” የሚሉ ሰዎች ዘወትር የሚጠቅሱት፣ 25 ባሮኖች ንጉሡን እንዲቆጣጠሩ ሥልጣን የሰጠው 61ኛው አንቀጽም የዚያኑ ጊዜ ተሠርዟል።

የ1781ዱ የኮንፌዴሬሽን ቃል ኪዳን በ4ኛ አንቀጹ የየግዛቱ ነፃ ነዋሪዎች ወደ ሌላው ግዛት ያለ ከልካይ እንዲገቡና እንዲወጡ ፈቅዷል። ይሁንና ድሆችን፣ ተንከራታቾችንና ከፍርድ የሸሹትን ከመብቱ አስወጥቷል። በባርነት የተያዙት ሰዎችማ ከመጀመሪያውም አልተቆጠሩም። ሰነዱ በ1789 ሥራ በጀመረው ሕገ መንግሥት ተተክቷል። ዛሬ ይህን አንቀጽ የፍጹም ነፃነት ማስረጃ አድርጎ የሚያነሣ ሰው፣ አንቀጹ እነማንን ከደጅ እንዳስቀረ አላነበበም።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን የመዘዋወር መብት ራሱ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ደጋግመው ቆመውለታል። በ1865 የኔቫዳ ግዛት በባቡርም ሆነ በፈረስ በሚጎተት ሰረገላ ከግዛቲቱ በሚወጣ በእያንዳንዱ መንገደኛ ላይ የአንድ ዶላር ግብር ጣለች። ክራንዳል የተባለ የሰረገላ ኩባንያ ወኪል የመንገደኞቹን ቁጥር አላሳውቅም፣ ግብሩንም አልከፍልም ብሎ ታሰረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1868 ለክራንዳል ፈረደ። ዜጋ ወደ መንግሥቱ መቀመጫ፣ ወደ ወደቦቹና ወደ ፍርድ ቤቶቹ የመድረስ መብት አለው፤ ግዛቶች በዚህ መብት ላይ ቀረጥ መጣል አይችሉም አለ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1969፣ ይኸው ፍርድ ቤት ወደ አዲስ ግዛት የገቡ ድሆች የመንግሥት ድጎማ ለማግኘት አንድ ዓመት እንዲጠብቁ የሚያስገድዱ ሕጎችን የሻረው ይህንኑ መብት ጠቅሶ ነው።

ታዲያ የመዘዋወር መብት ይህን ያህል የጠነከረ ከሆነ፣ መንጃ ፈቃድ እንዴት ሊያልፍ ቻለ? መልሱ ያለው በመንገዱ ላይ በተከሰተው አዲስ ነገር ውስጥ ነው።

አውቶሞቢልና ፈቃድ የተዋወቁት ገና ከጅምሩ ነበር። ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ የሠራው መኪና በድምፁና በሽታው ነዋሪዎችን በማስቆጣቱ፣ በ1888 በመንገድ ላይ እንዲነዳ ከባደን መስፍናዊ ግዛት ባለሥልጣናት የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ ግድ ሆነበት። ፓሪስ በ1893 ለአሽከርካሪዎች የብቃት ማረጋገጫ ደነገገች። አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስና ሚዙሪ በ1903 ፈቃድ ማውጣትን ግዴታ አደረጉ። ብሪታንያም በዚያው ዓመት ባወጣችው ሕግ 5 ሺሊንግ ለከፈለ ሁሉ ፈቃድ ትሰጥ ጀመር፤ ፈተና ግን አልነበረም። መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ፈቃድ ያወጣ ነበር። በ1934 በብሪታንያ መንገዶች ላይ ከ7 ሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ። በቀጣዩ ዓመት፣ ከጁን 1 ቀን 1935 ጀምሮ፣ የመንዳት ፈተና ግዴታ ሆነ። በአሜሪካ ለሹፌሮቿ ፈቃድ መስጠት በመጨረሻ የጀመረችው ደቡብ ዳኮታ ስትሆን ዓመቱም 1954 ነው።

የሄንድሪክ ፍርድ የተነበበው ጃንዋሪ 5 ቀን 1915 ነበር። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ጄምስ ማክሬይኖልድስ ናቸው። ሞተር ያለው ተሽከርካሪ በአውራ ጎዳና ላይ ሲንቀሳቀስ በሕዝብ ላይ የማያቋርጥ ከባድ አደጋ ያስከትላል፤ መንገዱንም ከተራ ሰረገላ ይበልጥ ይጎዳል አሉ። ስለዚህ ግዛቶች መኪናን መመዝገብ፣ ሹፌርን ፈቃድ እንዲይዝ ማስገደድና ተመጣጣኝ ክፍያ መጠየቅ ይችላሉ ሲሉ ወሰኑ። ሄንድሪክ ተረታ። በቀጣዩ ዓመት አንድ የኒውዮርክ ነዋሪ በኒው ጀርሲ ሕግ ላይ ተመሳሳይ ክርክር ቢያቀርብም ዳኛ ሉዊስ ብራንዳይስ በጻፉት ፍርድ እሱም ተሸነፈ።

ሰውን ከግዛት እንዳይወጣ በግብር መያዝና ከባድ ማሽን የሚያሽከረክር ሰው ብቃቱን እንዲያሳይ መጠየቅ ለየቅል ናቸው። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው በእግሩ፣ በአውቶቡስ፣ በባቡር ወይም ሰው በሚነዳው መኪና የትም መሄድ ይችላል። በ1999 አንድ የካሊፎርኒያ ነዋሪ በሃይማኖቱ ምክንያት የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን አልሰጥም በማለቱ ፈቃዱ ሳይታደስለት ቀርቶ በከሰሰ ጊዜ፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የመለሰለት ይህንኑ ነው። ከመጓጓዣ መንገዶች አንዱን መነፈግ የመዘዋወርን መብት መነፈግ አይደለም።

መንጃ ፈቃድን የሚቃወሙ ሰዎች ከማንም በላይ የሚመኩበት አንድ ፍርድ አለ። በ1930 የቨርጂኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በቶምፕሰንና በስሚዝ ጉዳይ የሰጠው ነው። ከፍርዱ ውስጥ ዜጋ በሕዝብ መንገድ በሰረገላም ሆነ በአውቶሞቢል የመጓዝ መብቱ፣ ከተማ እንዳሻው የሚሰጠውና የሚከለክለው ችሮታ አይደለም የሚለውን ሐሳብ ነጥለው ያወጣሉ። ሐሳቡ በእርግጥ በፍርዱ ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን የክርክሩ መነሻ ምን ነበር? ሊንችበርግ በተባለችው ከተማ የፖሊስ አዛዡ፣ ለመንዳት ብቁ አይደለም ብሎ ያመነበትን ሹፌር ፈቃድ በራሱ አስተያየት እንዲነጥቅ የከተማዋ ደንብ ሥልጣን ሰጥቶት ነበር። ቶምፕሰን ፈቃዱ ተነጠቀበትና ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም ከተማ ለሁሉም እኩል በሚሠራ ምክንያታዊ ሕግ ፈቃድ ልትጠይቅ፣ ልትከለክልም ትችላለች አለ። ሹፌሮችን ፈቃድ እንዲያወጡ ማስገደድም ከዚህ ሥልጣን ውስጥ እንደሚገባ በግልጽ አሰፈረ። የሻረው የአንድን ሹም ያልተገደበ ሥልጣን ነው። ጥቂት መስመር ወረድ ብሎ ያነበበ ሰው፣ መከታዬ ያለው ፍርድ የመንጃ ፈቃድን ሕጋዊነት አጽንቶ ያገኘዋል።

የዚህ ታሪክ ዋና ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። ሕገ መንግሥት ፈቃድን ለማፍረስ በተጠራ ቁጥር አልሠራም፤ በፈቃድ ስም የሚፈጸምን በደል ለመከላከል ሲጠራ ግን ለሹፌሮች ደርሶላቸዋል።

በጆርጂያ ግዛት ሦስት የገጠር ማኅበረሰቦችን በመኪና እየተዘዋወሩ የሚያገለግሉ አንድ ቄስ ነበሩ። ኖቬምበር 24 ቀን 1968፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የአምስት ዓመት ሕፃን በብስክሌት መጥታ ከመኪናቸው ጎን ጋር ተላተመች። ቄሱ ኢንሹራንስ አልነበራቸውም። ወላጆቿ 5 ሺህ ዶላር ካሳ ጠየቁ። የግዛቲቱ መሥሪያ ቤትም ቄሱን፣ ዋስትና ካላስያዙ ወይም ከወላጆቿ ጋር ካልተስማሙ ፈቃድዎ ይታገዳል አላቸው። ቄሱ ጥፋቱ የእኔ አይደለም ብለው ማስረጃ ሊያቀርቡ ቢሞክሩ፣ የጥፋተኝነት ጉዳይ እዚህ አይታይም ተባሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 1971 በሙሉ ድምፅ ለቄሱ ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ዊልያም ብሬናን፣ ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ በኋላ የሰው መተዳደሪያ ሊሆን ስለሚችል፣ መንግሥት ሰውየውን በወጉ ሳይሰማ ሊነጥቀው አይችልም አሉ።

በ1976 ደግሞ የዴላዌር ፖሊስ ምንም የትራፊክ ጥፋት ያላየበትን መኪና፣ መንጃ ፈቃድና የመኪናውን ሰነድ ለማየት ብቻ አስቆመ። መኪናው ውስጥ ማሪዋና አገኘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1979 በስምንት ድምፅ ለአንድ በሰጠው ፍርድ፣ ፖሊስ ያለ ጥርጣሬ በዘፈቀደ እያስቆመ ፈቃድ መመርመር እንደማይችል ወሰነ። ማስረጃውም ውድቅ ተደረገ። ይህ ፍርድ ዛሬ በመላ አሜሪካ እያንዳንዱን ሹፌር ይጠብቃል።

የ“ሉዓላዊ ዜጎች” ወረቀት ግን ማንንም አላዳነም። በካናዳ የአልበርታ ዳኛ ጆን ሩክ በ2012 ሜድስ በተባለ ጉዳይ ላይ ከ700 በላይ አንቀጾች ያሉት ረጅም ፍርድ ጽፈው እነዚህን መከራከሪያዎች አንድ በአንድ መርምረዋል፤ ትምህርቱን በገንዘብ የሚሸጡ “መምህራንም” ከደንበኞቻቸው እንደሚጠቀሙ አሳይተዋል። ዋጋውን የሚከፍለው ወረቀቱን የገዛው ሰው ነው፤ መኪናው ይወሰድበታል፣ ቅጣቱ ይደራረብበታል፣ አልፎም ይታሰራል። የከፋም ደርሷል። በሜይ 2010 በአርካንሳስ ግዛት ዌስት ሜምፊስ ከተማ ይህን እምነት ይከተሉ የነበሩ አባትና ልጅ በትራፊክ ፍተሻ ላይ ሁለት ፖሊሶችን ገደሉ፤ እነሱም በዚያው ቀን ተገደሉ።

መንጃ ፈቃድን በተመለከተ እውነተኛ ቅሬታ ያላቸው ሰዎች ሌላ መንገድ አላቸው። በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ቅጣት መክፈል ያቃታቸው ድሆች ፈቃዳቸው ይታገድ ነበር። ፈቃድ ሲታገድ ሥራ ይቀራል፤ ሥራ ሲቀር ዕዳው ይቆለላል። ይህን በፍርድ ቤት ለመሻር የተደረጉ ሙከራዎች አንዳንዶቹ ከሸፉ። ሕግ አውጪዎችን የወተወቱት ግን ውጤት አገኙ። ካሊፎርኒያ በ2017፣ ቨርጂኒያ በ2020 ባልተከፈለ ቅጣት ሰበብ ፈቃድ ማገድን አስቀሩ።

ስለዚህ መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም የሚል ወረቀት የሚያሻሽጥ ሰው ያጋጠመው አንባቢ ጥቅሱ የተቀነጨበበትን ፍርድ ሙሉውን ያንብብ። ፈቃዱን የሚያግድ ደብዳቤ የደረሰውም በደብዳቤው ላይ በሰፈረው ቀነ ገደብ ውስጥ እንዲሰማ ይጠይቅ። የጆርጂያው ቄስ በ1971 ያስገኙት ፍርድ እስከ ዛሬ አልተሻረም።