ከጋዜጣው የቀደመው ሸክላ

አዳማ ለአሊ ቢራ የትውልድ ከተማው አይደለችም፤ ያረፈባት ናት። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. እዚሁ አዳማ በሕክምና ላይ ሳለ ሞተ፤ ወደተወለደባት ድሬዳዋም ተወስዶ ተቀበረ። ድሬዳዋንና አዳማን ያገናኘው የድሮው የባቡር ሐዲድ ነው። የድሬዳዋ ዘፈን በመተሐራ፣ በአዳማና በሞጆ ባዕድ ያልሆነው ከዕቃና ከመንገደኛ ጋር ዜማም ስለሚጓዝ ይመስለኛል።

ለመሆኑ «ቢራ» ምንድን ነው? ባለ ጠርሙሱን እንዳታስቡ! በኦሮምኛ ከክረምት ቀጥሎ የሚመጣው ወቅት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መፀው። አማርኛም ደመና የሌለበትን ሰማይ «ብራ» ይለዋል። አሊ መሐመድ ይህን ስም ያገኘው «ቢራ ዻ በሪኤ» ከተባለው የመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። ሰውየው የሞተውም በዚያው ወቅት፣ በጥቅምት መሆኑ ይገርማል።

ዘፈኑን ያሰማው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ድሬዳዋ ላይ ከተቋቋመው ከአፍረን ቀሎ ባንድ ጋር ነበር። በሠርግና በበዓል ላይ በኦሮምኛ መዝፈን ያኔ እንደ ፖለቲካ ታየ፤ ባንዱ ታገደ፣ አባላቱም ተበተኑ። ቆይቶ አሊን የቀጠረው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የንጉሠ ነገሥቱ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ! መንግሥት በአንድ እጁ የከለከለውን ድምፅ በሌላ እጁ አቀፈው።

እስቲ ነገሩን ከእንግሊዝ ጋር እናስተያየው። ጆርጅ በተርወርዝ የተባለ የዜማ ደራሲ የገጣሚ ሃውስማንን ስንኞች ከታተመ መጽሐፍ መርጦ ዜማ አበጀላቸው፤ በ1916 በሶም ጦርነት በ31 ዓመቱ ሞተ። በተርወርዝ ቢሞት፣ ዜማውም ቢጠፋ፣ ግጥሙ በመደርደሪያ ላይ ይቆያል።

አሊ ግን ምን መደርደሪያ ነበረው? እርግጥ ኦነሲሞስ ነሲብ ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታትሟል። የአሊ ሸክላ፣ ብዙዎች የመጀመሪያው የኦሮምኛ አልበም የሚሉት፣ የወጣው በ1971 ነው። «በሪሳ» ጋዜጣ የተመሠረተው በ1975፣ የቁቤ ፊደል የጸደቀው በ1991 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ልብ በሉ፦ ሸክላው ከጋዜጣው ቀደመ! ማንበቢያ ለተነፈገ ሕዝብ ዘፈን መዝናኛ ብቻ አልነበረም፤ መዝገበ ቃላቱም፣ የግጥም መድበሉም እሱው ነበር።

ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ያየሁት ነገር አለ። ግጥም ሲባል የታተመውን እንቆጥራለን፤ የተዘፈነው «ለሙዚቃ ሰዎች» ይተዋል። የሙዚቃ ሰዎች በፊናቸው ስለ ዜማው ያወራሉ። መሀል ላይ ግጥሙ ባለቤት ያጣል፤ ገጣሚውማ ጭራሽ ይረሳል። አሊን የሚወድ ስንት ሰው ነው ግጥም ይሰጠው የነበረውን አቡበከር ሙሳን የሚያውቀው?

ለአሊ የክብር ዶክትሬት ተሰጥቶታል፤ ይገባዋል። ግን ክብር ካባ ብቻ አይደለም። ግጥሞቹ ከነገጣሚዎቻቸው ስም፣ ከነትርጉማቸው ተሰብስበው ይታተሙ። አማርኛ ተናጋሪውም ግማሽ ምዕተ ዓመት ሲወዛወዝበት የኖረው ዘፈን ምን እንደሚል ይወቅ። የቃሉን ፍቺ የሚነግሩን ሽማግሌዎች ዛሬም በየከተማው አሉ፤ ነገ ግን ማንን እንጠይቃለን?