የልደት ስም፣ ስመ መንግሥትና ተራ ቍጥር፦ የመካከለኛው ዘመን ነገሥታትን በመዝገበ ቃላት ስለ ማስፈር

የነገሥታትን ስም መመዝገብ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን በትርጉምም ሆነ በመዝገበ ቃላት ሥራ ብዙ ስሕተት የሚገባው በዚሁ በር ነው። ሁለት ነገሥታት በአንድ ስም ሲጠሩ እንደ አንድ ሰው ይቈጠራሉ፤ አንድ ንጉሥም በሁለትና በሦስት ስም ሲጠራ ሁለትና ሦስት ሰው ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የችግሩን ምንጭ ከመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት፣ በተለይም ከአዋሽ ሸለቆ ጋር ታሪካቸው ከተያያዘው፣ ምሳሌ በማቅረብ ማሳየትና ለአዘጋጆች አንድ የአሠራር ሐሳብ መስጠት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተሰጡት እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።

በ1270 ዙፋኑን የያዘው ይኩኖ አምላክ ስመ መንግሥቱ ተስፋ ኢየሱስ ነበር፤ ታሪክ የሚያውቀው ግን በመጀመሪያው ስሙ ነው። የልጅ ልጁ ዓምደ ጽዮን (1314–1344) ስመ መንግሥቱ ገብረ መስቀል ይባላል። ይኸው ስም ከእርሱ በፊት የላሊበላ፣ ከእርሱም በኋላ የይስሐቅ (1414–1429) ስመ መንግሥት ሆኗል። በአንጻሩ የዓምደ ጽዮን ልጅ ንዋየ ክርስቶስ በብዛት የሚታወቀው ሰይፈ አርዕድ በሚለው ስመ መንግሥቱ ነው። እንግዲህ ከሁለቱ ስሞች የትኛው ጸንቶ እንደሚቀር የሚወስን ሕግ የለም፤ የወሰነው ልማድ ነው። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ «ንጉሥ ገብረ መስቀል» ቢል ተርጓሚው ዘመኑን ሳያጣራ ማንነቱን መወሰን አይችልም።

የትውልድ ሐረጉም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ዘርዐ ያዕቆብ የዐፄ ዳዊት (1382–1413) ልጅ ሲሆን፣ የተወለደው በ1399 በፈጠጋር ምድር ጥልቅ በተባለ ስፍራ ነው። ፈጠጋር ዛሬ ምንጃርና አዳማ በሚገኙበት በአዋሽ አካባቢ የነበረ ጥንታዊ አገር ነው። ይሁን እንጂ ዘርዐ ያዕቆብ ዘውዱን ከአባቱ በቀጥታ አልተረከበም። ከአባቱ ቀጥሎ ወንድሞቹ ቴዎድሮስና ይስሐቅ ነገሡ፤ ከዚያም የይስሐቅ ልጅ እንድርያስ፣ ሌላው ወንድሙ ተክለ ማርያም፣ የተክለ ማርያምም ልጆች ሣርወ ኢየሱስና ዓምደ ኢየሱስ ተፈራረቁ። ዘርዐ ያዕቆብ ቈስጠንጢኖስ በሚል ስመ መንግሥት የነገሠው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ በ1434 ነው። የተክለ ማርያም ስመ መንግሥት ሕዝበ ናኝ መሆኑን የማያውቅ ሰው በዝርዝሩ ላይ አንድ ያልነበረ ንጉሥ ይጨምራል፤ የነገሡበትን ተራ ለትውልድ ተራ የሚወስድም ወንድምን የወንድሙ ልጅ፣ አጎትንም የልጅ ልጅ ያደርጋል።

የችግሩን ክብደት ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው ልብነ ድንግል (1508–1540) ነው። በ1529 ከኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጋር የገጠመበት ሽምብራ ቍሬ በሞጆ አቅራቢያ እንደሚገኝ ይነገራል። ስለዚህ ንጉሥ የሚናገሩ ምንጮች በተለያዩ ቋንቋዎች የተጻፉ ናቸው። የግእዙ ታሪክ ልብነ ድንግል ይለዋል፤ የኢማሙን ዘመቻ የሚተርከው የዐረብኛ መጽሐፍ ወናግ ሰገድ ይለዋል፤ በዘመኑ የነበሩት ፖርቱጋሎች ደግሞ ዳዊት ብለው ጽፈዋል። ሦስቱን ምንጮች ሦስት ተርጓሚዎች ለየብቻ ቢተረጕሟቸው፣ አንባቢው በአንድ ዘመን ሦስት ነገሥታት ያገኛል፤ ወይም ዳዊት የተባለውን ከ1382ቱ ዳዊት ጋር ያምታታዋል። በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ልብነ ድንግልን «ዳግማዊ ዳዊት» ያሉት ይህን ለመለየት ነው፤ ቍጥሩ ግን የጸሐፊዎች መለያ እንጂ የስሙ አካል አይደለም።

ቍጥር ብቻውን መለያ ሊሆን እንደማይችል የጀርመን ነገሥታት ታሪክም ይመሰክራል። በዚያ አገር መሳፍንቱ የሚመርጡት ሰው ንጉሥ ይሆናል፤ ቄሣር የሚባለው ግን የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ዘውድ ሲደፋለት ነበር። ኦቶ በ936 ነግሦ ቄሣር የሆነው በ962 ነው። በ1273 የተመረጠው የሐብስቡርጉ ሩዶልፍ ደግሞ ቄሣር ሳይሆን ሞተ። ቀዳማዊ ሃይንሪኽ (919–936) ንጉሥ ብቻ ስለ ነበረ፣ በ1039 የነገሠውና በ1046 ቄሣር የሆነው ሃይንሪኽ በገዛ ሰነዶቹ ላይ በንጉሥነቱ ሦስተኛ፣ በቄሣርነቱ ሁለተኛ ተብሎ ይጠራል። አንድ ሰው ሁለት ቍጥር አለው ማለት ነው። ተርጓሚው ሁለቱንም ማዕርግ «ንጉሠ ነገሥት» ብሎ ከተረጐመ ልዩነቱ ይጠፋል። ለጀርመንኛው ማዕርግ «ቄሣር» የሚለው ቃል የተሻለ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ የሮማ ስም የመጡ ናቸውና። «ንጉሠ ነገሥት» ግን በነገሥታት ላይ የሚነግሥ ማለት ስለ ሆነ የራሱ ታሪክ አለው።

በአገራችን የቍጥሩ ልማድ ሌላ መልክም አለው። በኤውሮጳ ልማድ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ እስካልመጣ ድረስ የፊተኛው «አንደኛ» አይባልም። በእኛ ዘንድ ግን ኃይለ ሥላሴ በ1930 ዘውድ ሲጭኑ ወዲያው «ቀዳማዊ» ተብለዋል። ምኒልክም በማኅተማቸው «ዳግማዊ» የተባሉት ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከምኒልክ በመቍጠር ነው። እዚህ ላይ ቍጥሩ ከመለያነት አልፎ የትውልድ ሐረግን የሚያውጅ የማዕርግ ክፍል ሆኗል። ስለዚህ ንጉሡ ራሱ የተጠቀመበት ቍጥርና ታሪክ ጸሐፊዎች የጨመሩት ቍጥር በአንድ ዐይን ሊታዩ አይገባም።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለው አሠራር ይጠቅማል እንላለን። አንደኛ፣ ዋናው መግቢያ ንጉሡ በይበልጥ የሚታወቅበት ስም ይሁን። ሁለተኛ፣ ሌላው ስሙ ሁሉ በየፊደል ተራው ገብቶ ወደ ዋናው ይምራ። ሦስተኛ፣ ከስሙ ቀጥሎ የአባቱ ስምና የነገሠበት ዘመን ይጻፍ። አራተኛ፣ ጸሐፊዎች የጨመሩት ቍጥር በቅንፍ ውስጥ ይግባ፤ ንጉሡ ራሱ የተጠቀመበት ግን ከስሙ ጋር ይቀመጥ።

አሠራሩ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም። በስምጥ ሸለቆ የሚኖር ሰው አዳማ ናዝሬት፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ ባቱም ዝዋይ መባላቸውን ያውቃል፤ በአሮጌ ካርታ ላይ ናዝሬትን ቢያይ ሌላ ከተማ አይፈልግም። የፈጠጋሩ ተወላጅ ዘርዐ ያዕቆብ ቈስጠንጢኖስ ተብሎ ሲጻፍ ግን ይህን የሚነግረው ከመዝገበ ቃላት በቀር ሌላ የለም።